ምልክቱ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ

ጥያቄ፦ አካባቢያችን 4ጂ ከገባ ወራት ሆኖታል። ስልኬ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ማታ ማታ ግን አንድ ገጽ እንኳ በወጉ አይከፍትም። ጎረቤቴ ደግሞ ጭራሽ 4ጂ አይመጣለትም። አዲስ ስልክ እንግዛ?

መልስ፦ እርስዎ አይግዙ። ስልኩ ላይ የሚታዩት መስመሮች በእርስዎና በኔትወርክ ማማው መካከል ያለውን የሞገድ ጥንካሬ ብቻ ነው የሚያሳዩት። ማማው ስንት ሰው እንደተሸከመ አያሳዩም። አንድ የ4ጂ ሴል (ማማው በአንድ አቅጣጫ የሚሸፍነው አካባቢ) 20 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ቢመደብለት፣ ሁለት አንቴና ባለው ስልክ ላይ ጣሪያው በሰከንድ 150 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ይህንንም በሴሉ ስር ያለ ሰው ሁሉ ይካፈለዋል። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍት ለአንዱ የሚደርሰው ቢበዛ አንድ ሜጋቢት ተኩል ነው።

ከማማው ጀርባ ያለው መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከከተማ የራቁ ማማዎች አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮዌቭ (ከማማ ወደ ማማ በአየር በሚላክ ሞገድ) እየተቀባበሉ ነው ፋይበር ጋ የሚደርሱት። ያ መስመር ጠባብ ከሆነ ማማው ላይ አዲስ አንቴና መጨመር ምንም አይፈይድም። ሽፋን ሲስፋፋ ይህም አብሮ መስፋት አለበት፤ ካልሆነ ሰው የሚያገኘው ምልክቱን ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ አንድ ቦታ ላይ ሆነው ፍጥነቱን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይለኩ፤ ምሽት 2 ሰዓት ላይም ይድገሙት። ንጋት ላይ ፈጥኖ ማታ ከተንቀራፈፈ ችግሩ መጨናነቅ ነው። ትልልቅ ፋይሎችን ንጋት ላይ ያውርዱ። ለኩባንያው ሲያመለክቱም «ኔትወርክ የለም» ብቻ አይበሉ፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሁለቱን ቁጥሮች ይስጡ። ሁለቱም ጊዜ ቀርፋፋ ከሆነ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የሲም ሁኔታ የሚለውን ይክፈቱ። በ4ጂ ላይ ከ-110 ዲቢኤም (የሞገድ ጥንካሬ መለኪያ) የባሰ ቁጥር ካዩ (ለምሳሌ -115) ሞገዱ ራሱ ደካማ ነው፤ ወደ መስኮት ወይም ወደ ከፍታ ይጠጉ።

የጎረቤትዎ ጉዳይ ሌላ ነው። በመጀመሪያ የኔትወርክ ምርጫው 2ጂ ወይም 3ጂ ላይ ተቆልፎ እንዳይሆን ይዩ። ቀጥሎ ሲሙን። በ2ጂ ዘመን የወጣ አሮጌ ሲም 4ጂ ላይ ሊመዘገብ አይችልም፤ ቁጥሩ ሳይቀየር ካርዱ ብቻ ይለወጣል። እነዚህ ካልሠሩ ባንዱን፣ ማለትም ስልኩ የሚቀበለውን የሞገድ ክልል፣ ያጣሩ። ራቅ ብለው የሚደርሱትና ግድግዳ የሚያልፉት እንደ 700 እና 800 ሜጋ ኸርዝ ያሉት ዝቅተኛ ሞገዶች ናቸው (ባንድ 28 እና ባንድ 20)። ለሌላ ገበያ የተሠራ ስልክ 4ጂ ተብሎ ተሽጦም እነዚህ ላይኖሩት ይችላል። ስልክ መቀየር የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ ያኔም ኩባንያው በአካባቢው የሚጠቀምበትን ባንድ ጠይቆ፣ የሞዴሉን ዝርዝር አይቶ ይግዛ።