ጀልባ፣ ውሻና የሐይቅ ዳር ጡረታ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ስሙኝ

ባህር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች ዳር ቆሜ እቆጥር ነበር። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ነዳሁ። በነዳሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ሥዕል ከፊቴ አይጠፋም ነበር፦ ጡረታ፣ ሐይቅ፣ ጀልባ፣ እግሬ ሥር የተኛ ውሻ። ይህ ሥዕል ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ለቅሶ ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትጫወቱ እሰማለሁ። ሥዕሉ ክፋት የለውም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ እዚያ ውስጥ ማንም ሲሠራ አይታይም።

እኔ ጡረታዬን ሳልጠብቅ በጀልባው ጀመርኩ። አራት የዕቁብ ጓደኛሞች ሆነን ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለች፣ 22 ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ በ12,000 ዶላር ገዛን። በነፍስ ወከፍ 3,000 ደረሰን። «በዚህ ዋጋ ደህና መኪና እንኳ አይገኝም» እየተባባልን ሳቅን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማሁት ገና በልጅነቴ ነው፤ የገባኝ ግን ያኔ ነው። ለሜሪላንድ 5 በመቶ ታክስ ተከፈለ። ኢንሹራንስ መጣ። ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው ወደብ) ለማሰሪያ ቦታ የዓመት ኪራይ ጠየቀ። ብርዱ ሲገባ ጀልባዋ በክሬን ከውሃ ትወጣለች፣ ሞተሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ሲረጋ ብረቱን እንዳይሰነጥቀው ተንጠፍጥፎ ፀረ በረዶ ይሞላል፣ ሸራ ይለብሳታል። ብርዱ ሲያልፍ ደግሞ ሆዷ ተፍቆ ቀለም ይቀባል። ሜሪላንድ ባለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ያልተቀባች ጀልባ ሆዷ ላይ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ ፍጥረታት ይለጠፉባታል፤ ዝም ካላችኋቸው ሞተሩ ነዳጅ እየጠጣ እሷ እንደ ደከመ በሬ ትጎተታለች።

ጁላይ ላይ ጀልባዋ አራት ባለቤት ነበራት። ኖቬምበር ላይ አንድ፤ እኔ።

ጓደኞቼን አልወቅስም። አንዱ ፈረቃው ተቀየረ፣ አንዱ ልጅ ወለደ፣ አንዱ ደግሞ ውሃው እንደሚያጥወለውለው ዘግይቶ ነው ያወቀው። ጥፋቱ «በኛ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ብለን መጀመራችን ነው። ያስፈልጋል! የባለቤትነት ወረቀቱ በማን ስም እንደሚሆን፣ ልውጣ ያለ ሰው ድርሻው በምን ሒሳብ እንደሚመለስለት፣ ሞተር ሲሰበር ማን ስንት እንደሚያዋጣ፣ ኢንሹራንሱ ከአራቱ ማን ሲነዳ እንደሚሸፍን፣ አንድ ገጽ ላይ ጻፉና ፈርሙ። እኛ ሳንጽፍ ቀርተን አንዱ ወዳጄ ለስምንት ወር አላናገረኝም።

አሁን ብትጠይቁኝ ተከራዩ ነው የምለው። በመጀመሪያው ዓመት ስንት ጊዜ እንደወጣን መዝግቤ ነበር፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ወጪውን በአሥራ አንድ ስናካፍለው ያንኑ ቀን ከነነጂው ተከራይተን፣ ዓሣችንን በልተን፣ ሳናጥብ ወደ ቤታችን መሄድ እንችል ነበር።

ስለ ደህንነት ትንሽ ልበል፤ አብዛኞቻችን ደገኞች ነንና። ከአራታችን ዋና የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት የደህንነት ትምህርት ወስዶ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። እኛ አራታችንም ከዚያ በፊት ስለተወለድን ሕጉ ነፃ አወጣን፤ እኛም እንደ ምርቃት ቆጠርነው። በሁለተኛው ጉዟችን አሸዋ ላይ ወጥተን የባሕሩ ውሃ ተመልሶ እስኪሞላ አምስት ሰዓት ቁጭ አልን። ቼሳፒክ ግዙፍ ነው፣ ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ6 ሜትር ተኩል አይበልጥም። ሲመለከቱት ባሕር ነው፣ ሲነዱበት ጓዳ ነው። ሕጉ ባያስገድዳችሁም ተማሩ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ የሕይወት ጃኬት ጀልባው ላይ መኖሩ ግዴታ ነው፤ እኔ ግን መኖሩ ብቻ ይበቃል አልልም፣ መልበስ ነው። ወንበር ሥር የተቀበረ ጃኬት ማንንም አያወጣም።

ጥልቀት የሌለው ውሃ ሌላም ጠባይ አለው፤ ንፋስ ቶሎ ያስቆጣዋል። ይህን እንኳ ከፈረንጅ መማር አልነበረብኝም። ጣናም ትልቅ ሆኖ ሳለ ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ የባህር ዳር ጀልባ ነጂዎች ወደ ገዳማቱ የሚወስዷችሁ በጠዋት የሆነው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣል። ነጂው «ቶሎ እንመለስ» ሲል ፎቶ አልጨረስኩም ብላችሁ አትከራከሩት።

ወደ ውሻው ልምጣ። ቡቺን ያመጣችው ልጄ ናት። ኮሌጅ ስትገባ ትታልኝ ሄደች፤ ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ውሻም በዚሁ መንገድ እንደገባ እገምታለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ በረንዳ ላይ ካልሆነ አለች፣ ቀጥላ ሳሎን፣ አሁን ሶፋው የሱ ነው። የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር ግን ቡቺ መኪና ውስጥ ይቆያል።

ውሻ ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት ደስ ይላል፤ ሦስት ነገር ግን አትርሱ። እጀታ ያለው የውሻ የሕይወት ጃኬት ግዙለት፤ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ እጀታውን ይዛችሁ ታነሡታላችሁ፣ ያለዚያ የራሰ ውሻ አይነሣም። ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያዙለት፤ ጨዋማ ውሃ ከጠጣ ሆዱ ይፈታል፣ ሲበዛ ይመርዘዋል። በበጋ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ውሃ ካያችሁ ደግሞ በአጠገቡም አታሳልፉት። አንዳንዱ አልጌ መርዝ ያመነጫል፣ ውሻ በሰዓታት ውስጥ ይሞትበታል።

ውሻችሁን ይዛችሁ አገር ቤት ልትገቡ ለምታስቡ ዋናው ራስ ምታት መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ውሻ ወደ አገሩ የሚገባበትን ደንብ አጥብቋል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ውሻው ገና ከአሜሪካ ሳይወጣ ማይክሮቺፕ ተቀብሮለት፣ ክትባቱን እዚያው ወስዶ፣ ፈቃድ ያለው የእንስሳት ሐኪም የሞላውን ቅጽ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት አጽድቆት መያዝ አለባችሁ። ይህን ቅጽ ዘንግታችሁ ከወጣችሁ ስትመለሱ የደም ምርመራ፣ በተፈቀዱ ኤርፖርቶች ብቻ መግባት፣ የምርመራው ውጤት ከሌለ ደግሞ 28 ቀን በራሳችሁ ወጪ ለይቶ ማቆያ ይጠብቃችኋል። እኔ በሐኪሜ ንቃት ዳንኩ እንጂ ከመብረሬ አሥር ቀን በፊት ስለ ቅጹ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ቢሾፍቱ ስንገባ የተከራየነው ግቢ ዘበኛ ቡቺን ሲያይ «ይሄ ይናከሳል?» አለኝ። አይናከስም አልኩት። «ይጮሃል?» አልፎ አልፎ። «ታዲያ ምን ይሠራል?» አለኝ፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ለማንኛውም እዚያ ውሻችሁን ያለ ገመድ አትልቀቁ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ብዙ ናቸው፤ እነሱን ለመቀነስ ተብሎ መርዝ የሚጣልበት ጊዜ አለ፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ አለ። ጣናና ሐዋሳ ዳር ጉማሬ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል። ጫሞ ላይ አዞውን መናገር አያስፈልገኝም።

ሐይቁን ራሱን ደግሞ እወቁት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ውሃ ይንቀሳቀሳል። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ በ1960ዎቹ (በፈረንጆች) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ መንገድና እርሻ በልቷል። ሐሮማያ በተቃራኒው ደርቆ ከብት የጋጠበት ጊዜ አለ፤ ኋላ ውሃው ተመለሰ። አቢጃታ እየሸሸ ነው። ሐዋሳ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፣ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጣና ላይ በ2003 (በፈረንጆች) ውሃው ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ቆመው ነበር፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም መጣ፣ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተር ያንቃል። ልጅ ሆነን ስንዋኝ የነበረበት ውሃ ቢልሃርዚያም አለው። እንግዲህ ደላላው «ከበረንዳህ እግርህን ውሃ ውስጥ ትከታለህ» ሲላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ውሃው የት ነበር? ካርታው ላይ ያለው ድንበርስ በእጅህ የምታሳየኝ ነው? መሬት የመንግሥት ነው፣ የምትገዙት በሊዝ የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ ከደላላው ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ስሙ።

ለጉብኝት ሳይሆን ለኑሮ ሞክሩት፤ ቢያንስ ስድስት ወር ተከራዩ፣ ክረምቱ በውስጡ ይግባ። በጥር የሄደ ሰው ሐይቁን አላየውም። ሐምሌ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ጭቃው ሲይዝ፣ ትንኙ ሲነሣ ደስ ካላችሁ ያ ቦታ የናንተ ነው።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም ማለት ይቻላል። «አልጠቀምበትም» ብላችሁ ፓርት ቢን (የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን ክፍሉን) ካቋረጣችሁ ደግሞ ስትመለሱ ላለፈው ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ይጨመርባችኋል፣ ለዕድሜ ልክ። ዜግነት ሳትወስዱ በግሪን ካርድ ጡረታ የወጣችሁ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ስትቆዩ የሶሻል ሴኩሪቲው (የመንግሥት ጡረታው) ክፍያ ሊቆምባችሁ ይችላል፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቢሯቸው ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ የባሰው ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሐይቅ ሳወራ ባለቤቴን አንድም ቀን «አንቺስ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ቢሾፍቱ ሦስተኛው ሳምንታችን ላይ ቡና እያፈላች «እኔ ውሃ እፈራለሁ እኮ» አለችኝ። ጀልባዋ ላይ በአራት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የወጣችው በሥራ ብዛት ይመስለኝ ነበር። የምትፈልገው እህቷ ያለችበትን አዲስ አበባን፣ የለመደችውን ደብርና የሚረዳት ሐኪም ነበር።

የኔ አሳብ ሁልጊዜ ጣና ነበር፤ ያለው ሁኔታ ለጊዜው አልፈቀደም። ቢሾፍቱን የመረጥነው ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ነው፤ እሷ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። እዚያ ያለው የባቦጋያ ሐይቅ 65 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፣ ዳሩም ገደል ነው፤ ስለዚህ አሁን ለማየት እንጂ ለመግባት አንቀርበውም። ጀልባዋን ባለፈው መስከረም ሸጥናት። ገዢዎቹ ሦስት ወጣት የአገር ልጆች ናቸው፣ እየተሳሳቁ መጡ። የሞተሩን የጥገና ደረሰኞች ከነማኅደሩ ሰጠኋቸው፣ ከላይ አንድ ባዶ ወረቀት አስቀመጥኩበትና «ይሄን ዛሬውኑ ሙሉት» አልኳቸው።