እናቴ «አገሬ መልሱኝ» ትላለች፤ ምን አጎደልኩባት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ የዛሬ ሁለት ዓመት መንዝ አረፈ። አርባው እንደወጣ እማዬን ይዣት መጣሁ። ብቻዋን እንዴት ትሁን? አልጋ ገዛሁላት፣ ሐኪም ቤት አመላልሳታለሁ፣ ሥራ አስነክቻት አላውቅም። እሷ ግን ጠዋት ማታ «አገሬ መልሱኝ» ነው። ለጎረቤት ሳይቀር ትናገራለች፤ የሰው ፊት ገረፈኝ። ባለፈው ወር ወንድሜ ከዚያ ደውሎ «ቤቱ እያፈሰሰ ነው፣ ሳይበሰብስ ቆርቆሮውና እንጨቱ ይሸጥ» አለ። ባለቤቴም ተስማማ። እማዬ ይህን ሰምታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። የቤቱን ቁልፍ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትተኛው። እውነቱን ለመናገር እኔንም አንዳንድ ቀን የኩበት ጭስ ይሸተኛል። ግን ከአርባው ወዲህ ሄጄ አላውቅም፤ አልቻልኩም። ምን ላድርግ?
ግራ የገባኝ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጎደልሽም። ምናልባት ያበዛሽው ነገር ይኖራል።

«ሥራ አስነክቻት አላውቅም» ብለሻል። በኩራት ነው የጻፍሽው፤ ኩራቱም ይገባሻል። ግን እስቲ እናትሽ መንዝ ሳሉ አንድ ቀናቸው እንዴት ይውል እንደነበር አስቢ። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው እሳት ያያይዛሉ። የትኛው ኩበት እንደደረቀ፣ የትኛው እንደሚያጨስ በእጃቸው ነክተው ያውቃሉ። ገብሱን ይቆላሉ። የማኅበሩ ተራ ደርሶ ከሆነ ጠላ ይጠነስሳሉ። በጉ ከተሸለተ ጠጉሩን አጥበው፣ አፍታተው፣ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ያ ፈትል ሸማኔው ጋ ሄዶ ባና ሆኖ ይመለሳል። ሰው ሲታመም ይጠራሉ። ሙሽራ ሲገባ ይጠራሉ። ሁለት ሴቶች ሲጣሉ ይጠራሉ።

ጀሞ ላይ ማን ይጠራቸዋል? «እማዬ አንቺ ተቀመጪ» ይባላሉ። እንጀራው ከሱቅ ይመጣል። ደረጃው ጉልበታቸውን ስለሚፈትን አይወርዱም። የእንግዳ ወጉ ሦስት ቀን ነው፤ እሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆነዋል። እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ቤቴ ልሂድ ማለቱ አይቀርም።

አንዲት እናቷን እንዳንቺ ያመጣች ሴት ምክር ፍለጋ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ከደብረ ብርሃን የበግ ጠጉር አስመጣችላቸው። እናት ጠጉሩን አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ «ይሄ በግ ታሞ ነበር እንዴ?» አሉ። ናቁት። ግን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው እንዝርቱን ሲያሾሩ ተገኙ። የብሎኩ ልጆችም ከበዋቸው ነበር። «አገሬ» ማለታቸውን አላቆሙም፤ ለዚያ ዋስትና አልሰጥሽም። ግን ቀኑ ላይ የሚይዙት ነገር አገኙ።

ናፍቆትን እንደ በሽታ ያየ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የስዊስ የሕክምና ተማሪ «መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ገጣጥሞ «ኖስታልጂያ» የሚለውን ስም ፈጠረ። ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ነገሩ እንዴት እንደገባው ይደንቀኛል። ከጻፋቸው ታሪኮች አንዱ ሆስፒታል የተኛች የገጠር ልጅ ታሪክ ነው። ምግብም መድኃኒትም እንቢ ብላ፣ ምን ሆንሽ ስትባል መልሷ ቤቴ ልሂድ ብቻ ነበር። ቤቷ ሲመልሷት ዳነች። ዛሬ ናፍቆትን በሽታ አንለውም። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ እነ ኮንስታንቲን ሴዲኪደስ ለዓመታት ሲያጠኑት፣ ሰው ብቸኝነት ሲሰማው ትዝታው እንደሚቀሰቀስ፣ ያ ትዝታም መልሶ ከሰው ጋር ያለ ያህል እንዲሰማው እንደሚያግዘው አይተዋል። ስለዚህ እናትሽ «አገሬ» ባሉ ቁጥር «እዚህ ምን አነሰሽ?» አትበያቸው። ስለ አገሩ ጠይቂያቸው። ቅሬታ መስሎሽ የቆየው ነገር ወሬ ፍለጋም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው እሱን ነው። አርባው እንደወጣ ይዘሻቸው መጣሽ። መንዝ ቢሆኑ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ መቃብሩን ያዩት ነበር። ገበያ ሲወጡ «እሱ ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ይለኝ ነበር» የሚላቸው ሰው አይጠፋም። ጀሞ ላይ ግን አባትሽን በሕይወት ሳለ ያየው ማነው? አንቺ፤ ባለቤትሽ ምናልባት ጥቂት ጊዜ። አንቺም ስለ እሱ ማውራት የከበደሽ ይመስለኛል። እናትሽ ሐዘናቸውን የሚያወጡበት ሰው አጥተዋል።

በዚህ ላይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች አፍ አውጥተው የማይጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ስሞት የት ትቀብሩኛላችሁ? ከባለቤታቸው ርቀው፣ በማያውቁት ቦታ እንዳይቀሩ ይፈሩ ይሆናል። አንቺው ጠይቂያቸው። አያሟርትም። ቃል መግባት ከቻልሽ ግቢላቸው፣ ወንድምሽም ይስማ። ይህ ብቻውን እንቅልፍ የመለሰላቸው እናት አይቻለሁ።

ሳልነግርሽ የማላልፈው የሕክምና ጉዳይም አለ። «ቤቴ ውሰዱኝ» የሚሉት በተለይ ሲመሽ ከሆነ፣ ጠዋት የበሉትን ከረሱ፣ የልጆችሽን ስም ካምታቱ፣ ወይም አባትሽን በሕይወት እንዳለ ከጠበቁት፣ ሐኪም ይያቸው። የመርሳት ችግር ሲጀምር እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና ድባቴም የመርሳት ችግር ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ግን እናትሽ ያሉትን የሚያውቁ ሴት ናቸው። ሁለት ቀን እህል ያልቀመሱት ነገሩ ስለገባቸው ነው። እንዲህ ያለው ጾም ከተደገመ ግን አትጠብቂ፤ ወደ ሐኪም ውሰጃቸው።

ወደ ቤቱ ልምጣ። እባካችሁ አትሽጡት። ቢያንስ አሁን አትሽጡት። ወንድምሽን ክፉ ነው አልልም፤ የሚያፈስ ቤት በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው። ግን ለቆርቆሮው ዋጋ ከማውጣቱ በፊት የቤቱን ባለቤት፣ እናትሽን፣ ማንም አልጠየቀም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ባልና ሚስት አብረው የሚመዘገቡበት ነው፤ ከአባትሽ ፎቶ ጎን የእሳቸውም ሊኖር ይችላል። ሁለት ሦስት ቅጠል ቆርቆሮ ገዝታችሁ የሚያፈስበትን ብታስደፍኑ ምን ያህል ያወጣል? ለአልጋው ካወጣሽው የሚበልጥ አይመስለኝም። የሚሠራውን ሰው ይምረጡ፣ ስልኩን እሳቸው ይያዙ፣ ወንድምሽን «የምሥራቁን ጥግ እይ» ብለው ይዘዙት። ድምፃቸው ሲለወጥ ትሰሚዋለሽ።

መሄዱስ? እንደ አቅማቸው ይሂዱ እላለሁ፤ ለጉብኝት። መጀመሪያ መንገዱን አጣሩ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ተከፍቶ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ «አሁን አንችልም» ማለት ክፋት አይደለም። ግን ምክንያቱን ንገሯቸው እንጂ «እሺ፣ በሚቀጥለው ወር» እያላችሁ አታታሏቸው። ሰላም ሲሆን ከኅዳርና ከታኅሣሥ ውርጭ ውጭ ያለ ጊዜ ምረጡ። ማታ አብሯቸው የሚያድር ማነው? ውኃ የሚቀዳላቸውስ? የጉልበታቸው መድኃኒት የሚበቃው ለስንት ቀን ነው? ይህን ከወንድምሽ ሚስት ጋር ተነጋገሩ፤ ሸክሙ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እሷን ግን ማንም አይጠይቃት ይሆናል። አንድ ወር ይሞክሩት። አንዳንዱ ቤቱ በትዝታው እንደነበረው ሆኖ አያገኘውም፣ «ልጆቼ ጋ መልሱኝ» ይላል። አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። እናትሽ እዚያው ቢቀሩ አንቺ ተሸነፍሽ ማለት አይደለም። ጎረቤት የሚለውን ለጎረቤት ተዪለት።

እስከዚያው ቤትሽ ውስጥ ሥራ ስጫቸው። የእውነት ሥራ፤ ለማስደሰት ብለሽ የፈጠርሽው ከሆነ ይነቁብሻል። ቆሎውን እሳቸው ይቁሉ፣ ቢያሳርሩትም ብሉት። ብሎካችሁ ግርጌ የጋራ ቤት ካለ፣ ለለቅሶም ለድግስም ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ይውረዱ። ደረጃው ከባድ ነው፤ ቀስ ብለው፣ እያረፉ። ጠላ ሲጠነሰስ እጃቸው የሚፈለግበት ቦታ ነው።

አሁን ስለ አንቺ። ሰባት ስምንት መስመር ስለ እናትሽ ጽፈሽ፣ መጨረሻ ላይ «እኔንም የኩበት ጭስ ይሸተኛል» አልሽ፤ ወዲያው ደግሞ «አልቻልኩም»። አራተኛ ፎቅ ላይ የኩበት ጭስ ከየት ይመጣል? እናትሽ «አገሬ» ባሉ ቁጥር ያናደደሽ ውለታሽን መርሳታቸው ብቻ አይመስለኝም። አንቺ እየሸሸሽ ያለሽውን በር ነው የሚያንኳኩት። አባትሽ የሌለበትን ያን ቤት ገብተሽ ማየት ትፈሪያለሽ፤ ማንም ይፈራል። ቤቱ ቢሸጥ ለአንቺም መገላገል መስሎ ታይቶሽ ይሆን?

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እናትሽ አጠገብ ቁጭ በይ። «እማዬ፣ ቤታችን ስትይ ቀድሞ የሚታይሽ የቱ ጋ ነው?» በያቸው። መደቡ ይሁን፣ ምድጃው ይሁን፣ አባትሽ ይቀመጥበት የነበረው ጥግ ይሁን አላውቅም። ከዚያ የአንቺን ንገሪያቸው። ብታለቅሺ አልቅሺ፤ እሳቸው ሲያባብሉሽ እናት ይሆናሉ፣ ሁለት ዓመት ያልሠሩት ሥራ ነው። ቁልፉን ግን መቀነታቸው ላይ ተዪላቸው። እንዳይጠፋ ላስቀምጥልሽ አትበያቸው።