ከመምህራን ለሚመጡ ጥያቄዎች፦ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር 14 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ በተሙማ (ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) ለባልደረቦቼ የግማሽ ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ተመረጥኩ። ርዕሱን «ግጥም በእንግሊዝኛ ክፍል» አልኩና ጉድ ፈላ። «የዘንድሮ ልጅ ከቲክቶክ ቀና አይል፣ አንቺ ግጥም ትያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ተማሪዎቹ ደግሞ ሁሌም «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ነው። የቤት ሥራ ስሰጥ ቻትጂፒቲ የጻፈውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ምን ይዤ ልግባ?
ከደብረ ብርሃን፣ መምህርት

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥልጠና ሰጥቻለሁ። 40 ስላይድ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ሁሉንም ከነትርጉሙ ደርድሬያለሁ። ስድስተኛው ስላይድ ላይ መብራት ጠፋ። ባዶ ግድግዳ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አንጋፋ መምህር እጃቸውን አወጡና «መብራት እስኪመጣ እስኪ አንድ የእንግሊዝኛ ግጥም በቃልሽ በይልን» አሉ።

አንድም አልነበረኝም! በአማርኛ ቢሉኝ ከቡሄ እስከ ሠርግ ዘፈን አወርድላቸው ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ለዓመታት ያስተማርኩት ስለ ግጥም እንጂ ግጥም አልነበረም። የዚያን ቀን የበላሁት አበል እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለዚህ ስላይዱን እቤት ተይው። ጠመኔ ይበቃሻል። መምህራኑን አስነሺና «ስትሪት» የሚለውን ቃል እያሉ በቀለሙ (በሲለብሉ) ልክ እንዲያጨበጭቡ አድርጊ። ቃሉ በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ነው፤ ጭብጨባውም አንድ። አዳራሹ ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። አማርኛችን ቃል መጀመሪያ ላይ ተነባቢ ሲደራረብበት ስለማይወድ መጀመሪያው ወይም መሃሉ ላይ «እ» ጣል ያደርግበታል፤ «እስትሪት» ይለዋል። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ይህን በገዛ እጁ ሲሰማው ሳቁ ይቀየራል።

ቀጥለሽ ጭብጨባው ጠበቅ ተደርጎ በሚነገረው ላይ ብቻ ይሁንና «ካትስ ቼዝ ማይስ» በይ። ሦስት ቃል፣ ሦስት ጭብጨባ። ከዚያ «ዘ ካትስ ዊል ቼዝ ዘ ማይስ»። ቃሉ ስድስት ሆነ፤ ጭብጨባው ግን ያው ሦስት ነው። እንግሊዝኛ የሚቆጥረው ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረውን ቀለም ነው፤ ሌላው በመሃል እየተዋጠ ያልፋል። የኛ የወል ቤት የሚባለው የአማርኛ ግጥም ስንኝ ደግሞ ስድስትና ስድስት፣ በድምሩ 12 ቀለም ነው፤ እያንዳንዷ ቀለም ትቆጠራለች። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሲያነቡ ሁሉንም ቃል እኩል እየረገጡ የሚሄዱት በስንፍና አይደለም፤ ጆሯቸው የተቃኘው በዚህ ነው። የእንግሊዝኛ ግጥም ጮክ ብሎ ማንበብ ይህን ለማረም ከማውቀው ሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ስልሳ ምናምን ልጅ ባለበት ክፍል በኅብረት ይነበባል፤ ዓይን አፋሯም በጓደኞቿ ድምፅ ተከልላ ትሞክራለች።

«ፈተና ላይ ይመጣል?» ለሚለው አትዋሺ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ግጥም ጻፉ አይልም። እኔ ተማሪዎቼን «አይመጣም፣ ግን አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» እላቸው ነበር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ አሥሩን ካልሰጡኝ በስም ጥሪ ያልቃል።

አሁን ወደ መጻፉ። በብዙ የውጭ ሥልጠናዎች የምትታወቅ አንድ ልምምድ አለች፤ እያንዳንዱ ስንኝ «አይ አም ፍሮም» ብሎ ይጀምራል። በወረቀት ላይ ስታያት ታምራለች። እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ሞክሬያት አልወደድኳትም። በአገራችን አሁን «ከየት ነህ?» ቀላል ጥያቄ አይደለም። ቀዬውን ጥሎ የመጣ ልጅ ከጎንሽ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ልጅ በግጥም ስም አታስጨንቂው። እኔ በ«ኢን አወር ኪችን» ቀየርኳት። በማእድ ቤታችን ምን ይታያል፣ ምን ይሸታል፣ ምን ይሰማል? አምስት ስንኝ፣ ቤት መምታት የለበትም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ጀበናው ከአባቴ በፊት ይነሳል» ብላ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፈች። ግሱ ላይ «ኤስ» ጎድሏል። ወዲያው አላረምኩትም፤ መጀመሪያ ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

የቻትጂፒቲውም ነገር በዚሁ ይቃለላል። ግጥሙን የቤት ሥራ አታድርጊው። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በእስክሪብቶ፣ በአሥር ደቂቃ ይጻፍ። ማሽኑ የእናቷን ጀበና አያውቀውም።

ለከፍተኛ ክፍሎች አንድ ሰው ልጨምርልሽ፤ ገጣሚው ለምን ሲሳይ። እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። አሳዳጊዎቹ «ኖርማን» ይሉት ነበር፤ እውነተኛ ስሙን ያወቀው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ነው። ኋላ የ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ይፋዊ ገጣሚ ሆነ፤ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲም ቻንስለር ነበር። ስሙን ሰሌዳው ላይ ጽፈሽ ዝም በይ። «እንዴ፣ ስሙ ጥያቄ ነው!» የሚል አይጠፋም። እንግሊዞቹ ተራ ስም አድርገው የሚጠሩትን የኛ ልጆች ገና ሲያዩት ይተረጉሙታል። ሰምና ወርቅን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በሥልጠናው ቀን ባልደረቦችሽም የማእድ ቤቱን ግጥም ራሳቸው ይጻፉት። ያጉረመርማሉ። «እኛ ተማሪ ነን እንዴ?» የሚልም ይኖራል። አንቺ ቀድመሽ የራስሽን አንብቢላቸው፣ ስሕተት ቢኖረውም። ሻይ ዕረፍቱን ከዚያ በኋላ አድርጊው፤ ቀድመሽ ከለቀቅሻቸው ግማሹ አይመለስም። በዓመት የሚጠበቅብሽን የ60 ሰዓት የተሙማ ቅጽ መጨረሻ ላይ ትሞያለሽ።

የሳቁብሽ ሰዎች የጻፉትን አንድ ሁለቱን ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ስም አላወጣም።