ያደረ ውሃ ጨጓራዬን አሲድ አደረገው?

ጥያቄ፦ ውሃ አሲድም ቤዝም (የአሲድ ተቃራኒ) እንደሚሆን አነበብኩ። በዕቃ ያደረ ውሃ በመለኪያ ወረቀት ስፈትሸው ፒኤቹ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ የሚበረታበት መለኪያ) 6 ሆነ። የሚያቃጥለኝ እሱ ይሆን? ደሜስ አሲድ ሆኖ ይሆን? ለወራት ጠዋት ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ እጠጣለሁ። ሰሞኑን ሰገራዬም ጠቁሯል።

መልስ፦ በመጨረሻ ጣል ያደረጓት ነገር ከሁሉም ትበልጣለች። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅና ከወትሮው የተለየ ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ከጨጓራ ወይም ከላይኛው አንጀት ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ደም ማስታወክ ካለ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፤ ብቻዎን አይሂዱ። የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፤ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በዚያ ተጽናንተው ቤት አይቀመጡ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን እየወሰዱ ከሆነም አይደብቁ፤ ጨጓራን ያቆስላሉ። የደም መጠንዎ ይለካል፣ እንዳስፈላጊነቱ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) እና የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስል ባክቴሪያ) ምርመራ ይደረግልዎታል።

ስለ ውሃው አይስጉ። ውሃ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ይቀበላል፤ ያኔ ቤዝ ነው። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ፕሮቶን ይሰጣል፤ ያኔ አሲድ ነው። ብቻውን ሲሆን የሚሰጠውና የሚቀበለው እኩል ስለሆነ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፒኤቹ 7 ነው። ያደረው ወደ 6 የወረደው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሟሟበት ነው፣ አይጎዳም። የጨጓራ አሲድ ፒኤች በባዶ ሆድ ከ1 እስከ 3 ገደማ ነው። በፒኤች አንድ ቁጥር የአሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ ውሃዎ ከዚያ አሲድ ቢያንስ ሺህ ጊዜ ይደክማል።

ደምንም ውሃ አሲድ አያደርገውም። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ኩላሊት ትርፉን አሲድ እያስወገዱ ፒኤቹን ከ7.35 እስከ 7.45 ይጠብቁታል። በአልካላይን (ወደ ቤዝ ባደላ) ውሃ ይህ አይቀየርም፤ የሚቀየረው ሽንት ነው።

ቤኪንግ ሶዳውን ግን ዛሬ ያቁሙ። ወራት ሙሉ ያለ ምርመራ እንዴት ይጠጣል? አንድ የሻይ ማንኪያ 1,200 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን የሚመክረው ከ2,000 በታች ነው። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት አደገኛ ነው። ሲደጋገም ደምን ከልክ በላይ ወደ ቤዝ ይገፋል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ከዚህ የሚብሰው ቃሩን ለጊዜው አስታግሶ ቁስሉን መሸፈኑ ነው። ለሐኪሙ መጠኑንና የጀመሩበትን ጊዜ ሳይቀንሱ ይንገሩት።