የድሮው ትራያምፍ አነዳድ ከዛሬዎቹ በምን ይለያል?

ጠያቂ ሆይ፣ የ1960ዎቹን የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል መንዳት ከዛሬዎቹ በምን እንደሚለይ ስለጠየቁ፣ ለንደን ሳለሁ ለዓመታት ከነዳሁት ትራያምፍ ቦንቪል ቲ120 ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮችና 649 ሲሲ ሞተር ያለው ይህ ሞዴል ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 በትራያምፍ ሞተር ታላቅ የፍጥነት ሙከራ ከተደረገበት፣ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ከሚገኘው የቦንቪል የጨው ሜዳ ነው።

የሚነሣው በእግር ብቻ ስለሆነ፣ በብርድ ጠዋት ቤንዚኑን ከፍቼ፣ የሁለቱን ካርቡራተሮች (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅሉትን ክፍሎች) ትንንሽ መጫኛዎች ነዳጅ ጣቴን እስኪያርሰው ድረስ ተጭኜ፣ ከዚያ በሙሉ ክብደቴ እረግጠው ነበር፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል (ባለቤቴ ግን በዚህ አትስማማም)።

መጀመሪያ የሚያስቸግርዎ፣ ከዛሬዎቹ በተቃራኒ ማርሹ በቀኝ፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ እግር መሆኑ ነው። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ፍሬን የያዝሁ መስሎኝ ማርሽ ቀይሬ፣ ቀይ መብራቱን አልፌ በድንጋጤ ቆሜያለሁ። እሑድ እሑድ በኖርዝ ሰርኩላር መንገድ ዳር ወዳለው፣ ሞተረኞች ወደሚሰበሰቡበት ኤስ ካፌ ስሄድ ግን፣ ቢኤስኤና ኖርተን ከተባሉት ሌሎች የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ባለቤቶች ጋር ሻይ እየጠጣሁ ስለ ካርቡራተር የማወራው ከጉዞው ይረዝም ነበር።

ለመግዛት ከወሰኑ መፍቻዎን በኢንች ልክ ይግዙ፤ የሚሊሜትሩ ብሎኑን ይበላዋል።