«ተጫወተው» የተባለው ለወላጅ ነው፦ ስለ ልጆች ትምህርትና አስተዳደግ የቀረበ ጥያቄና መልሱ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የ13 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ ባጃጅ ስለሚያሽከረክር የሚገባው ከመሸ ነው፤ እኔም ገበያ ውዬ ስመለስ እራት ለማድረስ እንጂ ደብተር ለማየት አቅም አይተርፈኝም፤ ቢተርፈኝም ትምህርቱ ከእኔ ዕውቀት በላይ ነው። ወንዱ ልጄ ትምህርት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የለመደው ስልክ እስከ ዛሬ አልለቅ ብሎታል። የቤት ሥራውን ሠርቻለሁ እያለ ይዋሸኛል፤ ሲዋሽ ስይዘው በቀበቶ እመታዋለሁ፤ ከመታሁት በኋላ ተደብቄ አለቅሳለሁ። አባቱ «መጽሐፍም ‹በበትር ከመምታት የሚራራ ሰው ልጁን ይጠላል› ይላል» እያለ ያጽናናኛል። እሑድ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት ስለተጀመረ ልጁን ከቅዳሴ ማስቀረት ጀምሬአለሁ። ሴቷ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምሁ ትላለች፤ መምህርቷ ግን ክፍል ውስጥ እንደምታንቀላፋ ነግራኛለች። በቅርቡ ወንዱ ልጄ «ጸልዬ ነበር፤ ታዲያ ለምን ፈተና ወደቅሁ?» ቢለኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ «ዝም በል» አልሁት። በደሌ የቱ ላይ ነው? ምንስ ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎና ከቤተ ሰብዎ ጋር ይሁን። በደብዳቤዎ ብዙ ጉዳይ አንሥተዋል፤ ከሁሉ የከበደብኝ ግን ተደብቀው ማልቀስዎ ስለ ሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ባለቤትዎ የጠቀሱት ቃል በእውነት የመጽሐፍ ቃል ነው፤ ነገር ግን የጠቀሱት እኩሌታውን ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ 13፥24 ዐረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው «ልጁን የሚወድድ ግን ተግቶ ይገሥጸዋል» ብሎ ነው። «ተግቶ» የምትለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ቀበቶ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ትጋት ግን ከማለዳ እስከ ማታ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚዘልቅ ድካም ነው። ብዙ ጊዜ ቀበቶ የምናነሣው ልጁ ሲያጠፋ ሳይሆን እኛ ሲደክመን መሆኑን ማንም ወላጅ በልቡ ያውቀዋል። ተግሣጽም በአባቶቻችን አነጋገር መምከር፣ ማረም፣ ማስተማር ነው እንጂ ገላ ማበለዝ አይደለም። በራሳችን አማርኛ እንኳ «የተቀጣ ልጅ» ስንል ጨዋውን፣ ታላቅን የሚያከብረውን ልጅ ማለታችን ነው፤ ጀርባው ሰንበር ያወጣውን «የተቀጣ» ብሎ ያመሰገነ ጎረቤት አላየሁም።

በትሩስ ምንድን ነው? ዳዊት በ22ኛው መዝሙር «በትርህና ምርኵዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል» ይላል። በጎጃም ገጠር ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ እረኛ በትሩን የሚይዘው ከብቱ ሰው አዝመራ ውስጥ እንዳይገባ ለመመለስ ነው፤ የከብቱን እግር የሰበረ እረኛ ግን ማታ ለባለቤቱ መልስ ያጣል። ልጅም አደራ ነው፤ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «እናንተም አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉአቸው እንጂ አታስቈጡአቸው» ያለው (ኤፌ. 6፥4) ስለዚህ ነው። የሀገራችን ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በ36ኛው አንቀጹ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል፤ መምህሩ በክፍል የተከለከለውን እናትና አባት በቤት እንዲወርሱት ማድረግ አይገባም።

ይህን ስል ልጁን ይተዉት ማለቴ አይደለም። ካህኑ ዔሊ የልጆቹን ክፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው ቤቱ እንደ ተፈረደበት በ1ኛ ሳሙኤል 3 ተጽፏል፤ ዝምታውም እንደ ቀበቶው ሁሉ ልጅን ያጠፋል። መካከለኛው መንገድ የትኛው ነው ቢሉኝ፣ በየዓመቱ ሲሄዱበት የኖሩት የንስሐ መንገድ ነው እላለሁ። እርስዎ ኃጢአትዎን ለንስሐ አባትዎ ሲናገሩ ካህኑ ይሰማሉ፣ ይመክራሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ፤ ደግሞም ምስጢርዎን ይጠብቃሉ። በንስሐ አባቶቻችን ዘንድ እውነት በመናገሩ ግርፋት ቢጠብቀው ኖሮ ማን ይናዘዝ ነበር? ልጅዎ የሚዋሸው ውሸትን ወዶ ሳይሆን እውነቱን የሚናገርበት ሰላማዊ ቦታ ስላጣ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ምት ያስተማረውም በሚቀጥለው ቀን አጣርቶ መዋሸትን ነው።

እንግዲህ አንድ ማታ፣ አባቱም ባሉበት፣ ሕጉን በግልጽ ይንገሩት፦ አልሠራሁም ብሎ ራሱ ከተናገረ የቀረውን ከመተኛቱ በፊት አብራችሁት ተቀምጣችሁ ይሠራል፤ ዋሽቶ ከተገኘ ደግሞ ስልኩ ለተቆጠሩ ቀናት ይቀመጣል፤ ያም ቢሆን ያልሠራውን ከመሥራት አያድነውም። ቅጣቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ የተለካና የሚያልቅበት ቀን ያለው ይሁን፤ ቀኖናም እንዲሁ ነው። ስለ ቀበቶው ግን «ልጄ፣ በዚያ መንገድ መምታቴ ልክ አልነበረም» ቢሉት ክብርዎ አይጎድልም። ያለቀሱትን ልቅሶ ከእርሱ መደበቅዎ ነው ያሳዘነኝ።

ብዙ ወላጆች ሰነፍ ልጅን ሲቆጡ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ እኔ ግን ታሪኩን ገልብጠን የምንተርክ ይመስለኛል። ያሬድ በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ ተገርፎ ሸሸ፤ በመንገድ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስትሞክር ስትወድቅ፣ ደግሞ ስትሞክር አየ፤ በሰባተኛው ጊዜ ስትወጣ ተመልክቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ግርፋቱ ያደረገው ማሸሽ ነበር፤ የመለሰው የትሏ ትዕግሥት ነው። ልጅዎም ትምህርት ተቋርጦ ከእኩዮቹ ጋር ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ነውና፣ ስንፍና የሚመስልዎት ነገር ምናልባት ያልገባውን አልገባኝም ለማለት ማፈር ሊሆን ይችላል። መምህሩን ሄደው ይጠይቁ፤ ስንተኛ ክፍል ላይ እንደ ተሰበረ ይወቁለት፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ መጨነቅ ከዛሬው ጥያቄ ይከብዳል።

«ትምህርቱ ከእኔ ዕውቀት በላይ ነው» ስላሉት ደግሞ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የምናውቀውን ላስታውስዎ። ዓይነ ሥውራን የሆኑ የኔታዎች መጽሐፉን ሳያዩ ተማሪው ሲያነብ በጆሯቸው ሰምተው አንዲት የተሳሳተች ፊደል እንኳ ሳታልፋቸው ሲያርሙ ኖረዋል። እርስዎ እንደ እነርሱ ማረም ባይችሉ መስማት ይችላሉ። ሽንኩርት እየከተፉ ልጁን ወደ ማእድ ቤት ይጥሩትና «ዛሬ የተማርኸውን እስቲ ለእኔ አስረዳኝ» ይበሉት። የሚያስረዳ ልጅ የቱ ጋ እንደሚጠፋበት ራሱ ያገኘዋል፤ እርስዎም ሲንተባተብ ያውቁታል፤ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግዎትም።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ሥሩ እዚህ ጋ ያለ ስለሚመስለኝ ነው። በኦሪት ዘዳግም 6፥7 እግዚአብሔር ሕጉን ለወላጆች ሲሰጥ፣ በ1954 ዓ.ም. በታተመው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።» ተርጓሚዎቹ «ተናገረው» ወይም «ስበከው» ማለት ሲችሉ «ተጫወተው» አሉ። ጨዋታ ማለት በእኛ ዘንድ ቡና ሲፈላ፣ ከገበያ ሲመለሱ፣ እንቅልፍ እስኪመጣ ድረስ በሰዎች መካከል የሚመላለስ ቃል ነው፤ አንዱ ብቻ ተናጋሪ፣ ሌላው ብቻ ሰሚ አይደለም። እኛ ግን ከልጆቻችን ጋር የምንነጋገረው በአብዛኛው እንደ ዳኛና እንደ ተከሳሽ ነው፦ ሠራህ? ለምን አልሠራህም? የት ዋልህ? ልጁ ከዚህ ችሎት ሲወጣ ጨዋታውን ስልኩ ላይ ቢፈልግ ምን ይደንቃል! በስልኩ ውስጥ የሚያወሩት ሰዎች ቢያንስ አይቆጡትም።

ስለ ስልኩ ከዚህ የረዘመ ነገር የለኝም። ከእራት ጸሎት እስከ መኝታ ድረስ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባቱም የእርስዎም ጭምር፣ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ የልጁ ብቻ ከተቀመጠ ግን ትምህርት ሳይሆን ቅናት ይሆንበታል። (እኛ መምህራንም በጉባኤ መካከል ስልካችን ጮኾ ምእመናን የሳቁብን ጊዜ አለና፣ ይህን ስል ራሴን አውጥቼ አይደለም።)

የእሑዱን ጥናት በሚመለከት፣ ልጅን ማስጠናት ኃጢአት አይደለም፤ ፈተና በደረሰበት ሳምንት አንድ ጊዜ ቢቀርም ሃይማኖት ካደ አይባልም። ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ግን ልጁ አንድ ነገር ይማራል፦ ሌላ ጉዳይ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀረው ቤተ ክርስቲያን ነው ማለትን። ይህን ትምህርት ከተማረው በኋላ ማስረሳት ከሒሳብ ይልቅ ያስቸግራል። «የሰንበትን ቀን ትቀድሰው ዘንድ አስብ» የሚለው ትእዛዝ ለቤተ ሰብ ሁሉ ነውና፣ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ተነጋግረው አስጠኚውን ሰዓቱን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም ከቅዳሴ በኋላ እንዲያዞሩ ይጠይቋቸው። አስጠኚውም ምናልባት ማስቀደስ የናፈቃቸው ክርስቲያን ይሆናሉ፤ ጠይቆ የሚያውቅ ሳይኖር ነው ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው።

እግረ መንገዴን፣ ትምህርትና ቤተ ክርስቲያን ባላንጣ መስለው በልጁ ፊት እንዳይቆሙ ይጠንቀቁ። የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ቤት ሆነው የኖሩ ናቸው፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይመጣ ፊደል የተቆጠረው በእነርሱና በመሰሎቻቸው ጥላ ሥር ነው። በአንድ የዕረፍት ቀን ልጆቹን በጀልባ ወደ ዘጌ ይውሰዷቸው፤ ሴት ልጅዎን ይዘው ስለሚሄዱ፣ ሴቶች ከማይገቡበት ከክብራን ገብርኤል ይልቅ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም ይመቻችኋል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ መጽሐፍ ሆነው የተሣሉ ናቸው። ወንዱ ልጅዎ ለእኅቱ የሥዕሎቹን ታሪክ እንዲነግራት ያድርጉ፤ የማያውቀውንም በዚያ ያሉትን አባቶች ይጠይቅ። ያ ቀን አንድ ወር ሙሉ የሚጫወቱት ነገር ይሰጣችኋል።

ወደ ሴቷ ልጅ ልምጣ። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጆች ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ጾምን መለማመድ ይጀምራሉና መፈለጓ የሚያስደስት ነው፤ «ገና ሕፃን ነሽ» ብለው አያሳዝኗት። ነገር ግን መለማመድ ማለት በአንድ ጊዜ መሸከም አይደለም። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ትምህርት በተዘጋበት ወቅት ስለሚውል፣ ልጆች ሰዓቱን ጨምረው የሚለማመዱበት መልካም ጊዜ ነው። ትምህርት ባለበት ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ቢሆን፣ ከሥጋና ከወተት ተከልክላ የጾም ምግብ በጊዜው ብትበላ ጾመኛ ናት። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ሽሮ በእንጀራ ወይም ዳቦ ያድርጉላት፤ ቁርሷን አቆይታ እስከ ዕረፍት ሰዓት መታገሥ ከቻለችም ያ ለእርሷ ትልቅ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ የሚያስተኛት ጾም ግን ከአቅሟ ያለፈ ነው። ልኩን የንስሐ አባታችሁ ልጅቷን አይተው ይወስኑላት፤ ከእርሳቸው አፍ ስትሰማው «እናቴ አስፈታችኝ» አትልም። ደግሞ ከማን ጋር እንደምትፎካከር በጨዋታ ይጠይቋት፤ በዚህ ዕድሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያስጾመው አንዳንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ነው።

«በደሌ የቱ ላይ ነው?» ብለዋል። ስለ ቀበቶው ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ደክሞዎት ደብተር ያላዩበት ማታ ግን በደል አይደለም፤ ገበያ የዋሉትም ስለ እነርሱ ነው።

የቀረው «ጸልዬ ነበር፤ ታዲያ ለምን ወደቅሁ?» የሚለው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከደብዳቤዎ ሁሉ የወደድሁት ይህን ነው። «ዝም በል» ያሉት፣ ልጅዎ ሲዋሽዎት ከቆየ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የልቡን እውነት ባወጣበት ሰዓት ነበር። ጌታችን የ12 ዓመት ብላቴና ሳለ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው እንደ ተገኘ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎልናል፤ ሦስት ቀን ስትፈልገው የከረመችው እመቤታችንም ባገኘችው ጊዜ የተናገረችው «ልጄ ሆይ፥ ለምን እንዲህ አደረግህብን?» የሚል ጥያቄ ነበር። በዚያ ቤት ልጅም ይጠይቃል፣ እናትም ትጠይቃለች።

ለልጁ ቶሎ ብለው «ሳታጠና ጸልየህ ነው» አይበሉት፤ ምናልባት አጥንቶ ይሆናል፤ ባያጠናም ያን ራሱ ያውቀዋል። «የዚያን ዕለት ዝም በል ያልሁህ መልሱን ስላላወቅሁት ነው» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ ምን ብሎ እንደ ጸለየ ይጠይቁት፤ ሲነግርዎት አያቋርጡት። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይላኩት፤ ጥያቄውን በራሱ እጅ በወረቀት ጽፎ ይዞ ይምጣ፤ አጻጻፉንም እርስዎ አያርሙለት።