ቶም ክሪስተንሰንን ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የዴንማርኩን ደራሲ የቶም ክሪስተንሰንን «ሄርቨርክ» (ጥፋት) በእንግሊዝኛ ጀምሬ መሐል ላይ ተውኩት። ሰውየው ይጠጣል፣ ይሰክራል፣ ነግቶ እንደገና ይጠጣል። ትልቅ ልቦለድ ያሰኘው ምኑ ነው?

መልስ፦ መጽሐፉ የሚሰለቸው እንደ ሰካራም ኑዛዜ ሲነበብ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ልቦለድ ዋና ባለታሪኩን፣ የጋዜጣ ሐያሲውን ኦሌ ያስትራውን፣ ሳያውቀው ገደል አይከተውም። ያስትራው የሚወድቀው እያወቀና በተራ በተራ ነው። በኮፐንሃገን ትልቅ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ መጻሕፍት ይገመግማል፤ ሚስቱ ዮሃነና ትንሹ ልጁ ኦሉፍ አሉ፤ ስምም አለው። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ያፈርሳቸዋል። ከጥፋቱ በስተጀርባ ወሰን የሌለው ነገር ፍለጋ አለ፤ የመጽሐፉ መግቢያ ቃል ግን ነፍስን ፍራት እንጂ አታምልካት፣ ክፉ ልማድ ትመስላለችና ብሎ ገና ከበሩ ያስጠነቅቃል።

እንደገና ሲሞክሩት እርሳስ ይያዙ። ኮሚኒስቱ ሳንደርስ፣ የካቶሊክ ቄሱ ጋርሃመርና ቡና ቤቱ ለያስትራው የተከፈቱ ሦስት በሮች ናቸው። በየትኛው በር እንደቆመ በገጹ ዳር ምልክት ያድርጉ። አዲስ የመጠጥ ትዕይንት ሲመጣ «ካለፈው ወዲህ ምን አጣ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ የማያገኙበት ትዕይንት ጥቂት ነው። ወጣቱን ገጣሚ ስቴፈንሰንን ደግሞ በቅርብ ይከታተሉት፤ ያስትራው ትቶት የመጣውን ገጣሚነት መልሶ ፊቱ ላይ የሚያስቀምጥበት እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ያስትራው ደራሲው ራሱ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ክሪስተንሰን «ፖሊቲከን» በተባለው ጋዜጣ ከ1924 እስከ 1927 ሐያሲ ነበር፤ የልቦለዱ ጋዜጣም የተቀዳው ከዚያ ነው። ግን ደራሲው በ1931 ወደዚያው ጋዜጣ ተመልሶ እስከ 1963 ሠርቷል። የፈረሰ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጽሑፍ ቀጠሮ አያከብርም።

ጥያቄ፦ ከጀርመን ኤክስፕሬሽኒስቶች (ከውጪው ዓለም ይልቅ የውስጥ ስሜትን አጉልተው ከጻፉት ገጣሚዎች) አንዳንዶቹ ሰዋስውን ሰብረዋል፣ ቤት መምታትን ትተዋል። የክሪስተንሰን ግጥም ግን ቤት ይመታል፣ ምቱም የተስተካከለ ነው። ታዲያ ኤክስፕሬሽኒስት የሚባለው በምን ሂሳብ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ታዝበዋል። ብዙዎቹ ጀርመኖች ጦርነቱ ውስጥ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም እዚያው ቀሩ። ዴንማርክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ነበረች። እዚያ የደረሰው የጦርነቱ ወሬ፣ የጦርነት ትርፍ ያደለባቸው ነጋዴዎችና አብዮት ይመጣል የሚል ስጋትና ጉጉት ነው። ስለዚህ የኮፐንሃገን ወጣት ገጣሚዎች ጥፋትን ከሩቅ እንደሚታይ ርችት ያዩት ነበር። በክሪስተንሰን የመጀመሪያ መድብል፣ በ1920 በወጣው «ፍሪቢተርድሮመ» (የባሕር ወንበዴ ሕልሞች)፣ «ላንደት አትላንቲስ» የሚለው ግጥም የትውልዱን ወጣትነት ውበት በጥይት ከተደበደበ የባቡር ጣቢያ ጋር ያመሳስለዋል። ምሳሌው አስደንጋጭ ነው፤ የተቀመጠው ግን ቤት በሚመታ፣ በተለካ ስንኝ ነው።

ኃይሉም ያለው በዚህ ግጭት ነው። ስለ ቡና ቤት ድብድብ የጻፈውን «ደት ብሎምስትረንደ ስላግስሞል» (ያበበው ድብድብ) ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ዴንማርክኛ ባይችሉም ምቱን ጆሮዎ ይይዘዋል። ቡጢና ደም የቀለምና የአበባ ድግስ ይሆናሉ፤ ምቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ልቅ ግጥም ቢሆን ኖሮ ጩኸት ብቻ ይቀር ነበር። ልቅነቱን የሚፈልግ አንባቢ የዘመኑን ዴንማርካዊ ገጣሚ ኤሚል ቦነሊከን ያንብብ፤ ከተማውንና ማሽኑን የሚያወድሱት የ1918ቱ «የአስፋልት ዘፈኖች» በስድ ግጥም የተጻፉ ናቸው። በእኔ ሚዛን ክሪስተንሰን ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በምን ቅደም ተከተል ላንብበው? ቤተ መጻሕፍት ውስጥስ እንዴት ልፈልገው?

መልስ፦ መጀመሪያ ከ«ፍሪቢተርድሮመ» ጥቂት ግጥሞች፣ ቀጥሎ «ሄርቨርክ»። ከዚያ በ1922 ወደ ቻይናና ጃፓን ካደረገው ጉዞ የተወለደውን የዚያው ዓመት መድብል «ፖፉግለፊየረን» (የጣዎስ ላባ)። የ1921ዱን ልቦለድ «ሊቨትስ አራቤስክ» ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ቀለሙ ስለሚበዛ ጀማሪን ያደክማል። የ«ሄርቨርክ» የእንግሊዝኛ ትርጉም የካርል ማልምበርግ ነው፤ በ1968 ወጥቶ በ2018 እንደገና ታትሟል።

ፍለጋው ላይ የሚያሰናክለው የፊደል አጻጻፍ ነው። ዴንማርክ በ1948 አጻጻፏን ስታሻሽል የተደራረበውን ሁለት «አ» (aa) አናቱ ላይ ክብ ባለው አንድ ፊደል (å) ተካች። የጣዎስ ላባው መድብል በ1922ቱ እትም በድሮው (Paafuglefjeren)፣ በኋለኞቹ በአዲሱ (Påfuglefjeren) አጻጻፍ ስለሚመዘገብ በአንዱ ካጡት በሌላው ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ግጥሞቹን ወደ አማርኛ ተርጉሜ ማሳተም እችላለሁ?

መልስ፦ መተርጎሙን ይቀጥሉበት፤ ከማሳተምዎ በፊት ግን ፈቃድ ይጠይቁ። በዴንማርክ ሕግ የደራሲ መብት የሞተበት ዓመት ካበቃ በኋላ 70 ዓመት ይጸናል። ክሪስተንሰን የሞተው በ1974 ስለሆነ ሥራዎቹ ነፃ የሚሆኑት ከጥር 1 ቀን 2045 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከእንግሊዝኛው ትርጉም የሚነሱ ከሆነ ደግሞ የተርጓሚው መብት ለብቻው አለ፤ የአንዱ ፈቃድ የሌላውን አይተካም። ለልምምድ ቦነሊከ ይሻላል፤ በ1953 ስለሞተ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ሥራው እዚያ ነፃ ነው። ክሪስተንሰንን ሲተረጉሙ መጀመሪያ የሚያጡት ቤት አመታቱን ነው፤ ስለዚህ ቃላት ከመምረጥዎ በፊት የአንጓውን የቤት አመታት ሥርዓት ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ የቀለም ስሞቹንም ከሥራቸው ያስምሩባቸው። ሁለቱን ማስታረቅ ካቃተዎት ቀለሙን ይቀንሱ እንጂ ቤቱን አያፍርሱ።